አንድ ወንበር፣ ሁለት እጩ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አገር ቤት አንድ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ተሰባስበን ክበብ ካቋቋምን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። አሁን 64 አባላት አለን። በወር 20 ዶላር እናዋጣለን። ለትምህርት ቤታችን መጻሕፍት እንልካለን። ከመካከላችን ሐዘን የደረሰበት ሲኖርም አብረን እንቆማለን።

ምርጫችን ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። አስመራጭ ኮሚቴውን የምመራው እኔ ነኝ። ለፕሬዚዳንትነት ሁለት ሰው ተጠቁሟል። አንዷ ነርስ ናት፤ ናይት ሺፍት ትሠራለች። ሌላው ትራክ ይነዳል፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ከቤቱ ይርቃል። ሁለቱም ለብቻዬ አልችለውም አሉ። ከዚያ ተነጋግረው ‹አብረን ኮ-ፕሬዚዳንት እንሁን› ብለው መጡ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ።

አንድ አንጋፋ አባላችን ግን ተነሡ። ‹ደንባችን አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ምክትል፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ ይኖራል ይላል። ያልተጻፈ ነገር ሲገጥመን በሮበርት የስብሰባ ሥርዓት፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ በሚደነግገው የአሜሪካ መጽሐፍ፣ እንመራለን ብለንም ፈርመናል። ስለዚህ አይሆንም› አሉ። አንዱ ‹ደንብ ደንብ ማለት የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ወንድማማቾች ነን› አላቸው። ተቆጥተው ወጡ። እስካሁን ስልክ አያነሡም።

ሌላም አለ። ጸሐፊ የሚሆን ሰው ጠፋ። ገንዘብ ያዣችን ‹ግድ የለም፣ ጽሕፈቱንም እኔ እደርበዋለሁ› ብላለች። ይቻላል? ሁለቱን እጩዎችስ በአንድ መስመር ጽፌ የድምፅ መስጫውን ላሳትም? ከለከልኩ ሁለቱም ጥለው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀጥተኛውን መልስ ልስጥሽ። ሁለቱን ስም በአንድ መስመር ላይ አትጻፊ። ሁለቱ ሰዎች ግን አይጠፉብሽም። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አንጋፋው አባላችሁ ትክክል ናቸው። የተነሡበት ሰዓት ከባድ ነበር፤ ሰው ሁሉ ደስ ባለው ሰዓት ተነሥቶ «አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም። የተናገሩት ግን እውነት ነው።

የክበብ ሕግ ደረጃ አለው። ከላይ የአገሩና የስቴቱ ሕግ ነው። ቀጥሎ ስትመዘገቡ ያስገባችሁት የመመሥረቻ ጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ መተዳደሪያ ደንባችሁ። የሮበርት ሥርዓት ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው፤ ደንባችሁ ዝም ባለበት ቦታ ብቻ ይናገራል። እዚህ ላይ ደግሞ ደንባችሁ ዝም አላለም። «አንድ ፕሬዚዳንት» ብሏል። ጭብጨባ ይህን አያሻሽለውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውና። በስብሰባው የተገኘው ሰው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር እጁን ቢያወጣ እንኳ እንዲህ ያለውን የደንብ አንቀጽ ለዛሬ ብቻ ብሎ ማለፍ አይችልም። ምክንያቱ የቀረው ሰው ነው። በዚያ ቀን ሥራ ላይ የነበረ፣ ልጁ የታመመበት፣ አገር ቤት የሄደ አባል አለ። እሱ ክበቡን የተቀላቀለው ደንቡን አንብቦ ነው። እሱ በሌለበት፣ ሳይነገረው፣ ደንቡ እንዳይለወጥበት ሥርዓቱ ይጠብቀዋል። ይህን ጥበቃ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ችላ ብላችሁ ብታልፉትስ? በሮበርት ሥርዓት ብዙው የስብሰባ ስሕተት ያኔውኑ ካልተቃወሙት ያልፋል። ደንብን የሚጥስ ምርጫ ግን እንደዚያ አያልፍም። ጥሰቱ ሰዎቹ ወንበሩ ላይ እስካሉ ድረስ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ነገር የተከፋ አንድ አባል ተነሥቶ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፤ እነዚህ ሰዎች የተመረጡት ከደንብ ውጪ ነው» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። ያኔ ለሁለት ጥሩ ሰዎች የምታተርፉት ውርደት ነው። አሁን በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ማስተካከል ያንን ያስቀራል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ላለው ወንድማችንም አንድ ነገር ልበል። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ኒው ቤድፎርድ በተባለችው የማሳቹሴትስ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ስብሰባ ምራልን ተባለ። አመራሩን አያውቅበትም ነበር። ስብሰባው ከእጁ ወጣ፤ አፈረ። ኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ተመደበ። እዚያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ተሰባስቦ፣ እያንዳንዱ በትውልድ ቦታው የለመደውን የስብሰባ ሥርዓት ትክክለኛው ይህ ነው እያለ ሲጋጭ አየ። መጽሐፉን የጻፈው ለዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በራሱ ገንዘብ 4,000 ቅጂ አሳተመ። ዛሬ 12ኛው እትም ላይ ደርሷል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

እኛስ እንደዚያው አይደለን? አንዱ የለመደው የእድር ስብሰባ ነው። ሌላው የቀበሌ፣ ሌላው የሰበካ ጉባኤ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲ ክበብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በአንድ አዳራሽ ስንገናኝ ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን እንመጣለን። የጋራ ሥርዓት ያስፈለገን ለዚህ ነው። ደግሞም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እድር ዳኛ አለው፤ አንድ ዳኛ። የጽዋ ማኅበር ሙሴ አለው፤ አንድ ሙሴ። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ አጠገቡ አሉ፤ ምክትሉ ይኖራል፤ የሚለፍፈው ይለፍፋል። ሥራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። «ዳኛው ማነው?» ሲባል ግን የሚጠራው አንድ ስም ነው።

የሮበርት መጽሐፍም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ስለ ኮሚቴዎች ሲናገር «ኮ-ሊቀመንበር» የሚባለውን መጠሪያ ራቁት ይላል፤ የአንድ ሰውን ሥራ ለሁለት መክፈል መውጫ የሌለው ጣጣ ያመጣልና። ጣጣው ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይኔ ስላየሁ ልንገርሽ።

ከብዙ ዓመት በፊት የነበርኩበት አንድ ማኅበር ሁለት ሊቀመንበር መረጠ። ሁለቱ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ስብሰባው በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን። የዕለቱ ጉዳይ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ከፍ ይበል የሚል የውሳኔ ሐሳብ ነበር። አንድ አባል ተነሥቶ ማሻሻያ አቀረበ። በቀኝ የተቀመጠው ሊቀመንበር «ይህ ከጉዳዩ ውጪ ነው፣ አልቀበልም» አለ። በግራ ያለው ማይክሮፎኑን ሳብ አድርጎ «የለም፣ ተገቢ ነው፣ ይቀጥል» አለ። ሁለቱም የተናገሩት በቅን ልቦና ነው። ሁለቱም ሊቀመንበር ናቸው።

ጸሐፊዋን አልረሳትም። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንሥታ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አየች። «የማንን ልጻፍ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። አንድ አባል «ውሳኔውን ይግባኝ እላለሁ» አለ። በሥርዓቱ የሰብሳቢ ውሳኔ ካላስደሰተሽ ይግባኝ ትያለሽ፤ ሌላ ሰው ይደግፍሻል፤ ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል። እዚህ ግን የማንን ውሳኔ? የቀኙን ነው የግራውን? ጸሐፊዋ ጽፋ ሰረዘች፣ እንደገና ጽፋ ሰረዘች። የሕንፃው ጠባቂ ቁልፉን እያንቀጨለጨለ በሩ ላይ ቆመ። ሰዓታችን አልቆ ሳንወስን ወጣን። ያንን ውሳኔ ይጠብቅ የነበረ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ሌላ አንድ ወር ጠበቀ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰላምታም አልተለዋወጡም። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሰብሳቢ ስብሰባ ላይ የሚሠራው ሥራ በተፈጥሮው በአንድ አፍ የሚሠራ ነው። ለተናጋሪው ዕድል ይሰጣል። የቀረበውን ሐሳብ ለቤቱ ያሰማል። ድምፅ ያሰጣል፤ ውጤቱን ይናገራል። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ሲነሣ ይወስናል። እነዚህን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊሠራቸው አይችልም፤ ቢዋደዱም።

ከስብሰባው ውጪም ጥያቄው ብዙ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ሲሰበሰብ ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች አንድ ድምፅ አላቸው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆነና ካልተስማሙስ? ምልዓተ ጉባኤ ሲቆጠር አንድ ናቸው ሁለት? አንዱ ቢለቅ ወንበሩ ክፍት ሆነ ማለት ነው? የሮበርት ሥርዓት የፕሬዚዳንቱ ቦታ ሲለቀቅ ምክትሉ ወዲያውኑ ፕሬዚዳንት ይሆናል ይላል። ታዲያ የእናንተ ምክትል የግማሽ ወንበር ፕሬዚዳንት ሊሆን ነው? ባንክ ስትሄዱስ ማን ይፈርማል? ይህ ሁሉ መልስ ሊኖረው ይችላል። ግን መልሱ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በእናንተ ደንብ ውስጥ አንዱም አልተጻፈም።

ሁለት መሪ በየትም አይሠራም ማለቴ አይደለም። ጣሊያን መሐል ያለችው ትንሿ አገር ሳን ማሪኖ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ርእሰ ብሔር ታስቀምጣለች። በየስድስት ወሩ ይመረጣሉ። የጨረሱት ለሦስት ዓመት ተመልሰው አይመረጡም። ይሠራላታል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ነገር ለሁለት ሰው ተብሎ የተሰፋ ነው። የእናንተ ደንብ የተሰፋው ለአንድ ሰው ነው። በአንድ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለሁለት አይለበስም።

አሁን ወደ መፍትሔው።

ነርሷና ትራክ ነጂው የሚፈልጉት ምንድን ነው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዳቸውም «ማዕረጉን ካልተካፈልኩ» አላሉም። ያሉት «ለብቻዬ አልችለውም» ነው። ይህ የሥራ ጥያቄ ነው። የሥራ ጥያቄ ደግሞ ደንብ ሳትነኩ ይፈታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አይደል የሚባለው? ሎሚውን አካፍሏቸው። ወንበሩ አንድ ሆኖ ይቆይ።

ደንባችሁ ምክትል ፕሬዚዳንት አለው። በየማኅበሮቻችን ምክትልነት እንደ ማጽናኛ ይሰጣል፤ ስሙ ይጻፋል፣ ሥራ ግን የለውም። ይህን ልማድ ተዉት። አንዳቸው ፕሬዚዳንት፣ ሌላው ምክትል ይሁኑ። ከዚያ ምክትሉ እውነተኛ ሥራ ይሰጠው። ፕሬዚዳንቱ በማይገኝበት ስብሰባ ምክትሉ ይመራል፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ፕሬዚዳንቱ ተገኝቶም ቢሆን በአንድ ጉዳይ ላይ የራሱን ሐሳብ ተናግሮ መከራከር ከፈለገ፣ ሰፋ ባለ ስብሰባ ላይ ወንበሩን ለምክትሉ ይለቃል። ያ ጉዳይ እስኪወሰን ድረስም አይመለስም። ይህ ራሱ ሥርዓቱ ነው።

ነርሷ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች እንበል። የዓመቱን 12 ስብሰባ ቀን ይዛ የሺፍት ሰሌዳዋን ታያለች። አራቱ ላይ አትገኝም። እነዚያን አራቱን ምክትሉ ይመራል። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን እሷ አለች። ሁለቱም የሌሉበት ምሽት ቢመጣ ጸሐፊው ስብሰባውን ከፍቶ ቤቱ ለዚያ ምሽት ብቻ የሚመራ ጊዜያዊ ሰብሳቢ ይመርጣል። ከስብሰባ ውጪ ያለውን ሥራ ደግሞ ይከፋፈሉ። የትምህርት ቤቱን ጉዳይ እሱ ይያዝ፤ ከመንገድም በስልክ ይሠራል። የሐዘንና የአባላት ጉዳይ ከእሷ ጋር ይሁን። ይህንን ክፍፍል ሥራ አስፈጻሚው በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ለአባላት ያሳውቅ፤ የደንቡን የሥልጣን ድንበር ሳይነካ። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ለምክትልነት ለሚወዳደረው ሰው ግን አንድ ነገር ፊት ለፊት ንገሪው። ፕሬዚዳንቱ ከለቀቀ እሱ በቀጥታ ፕሬዚዳንት ይሆናል። «አልፈልግም፣ ምክትል ሆኜ ልቆይ» ማለት አይችልም፤ ካልፈለገ መልቀቅ ነው ያለው። ሰው ይህን ሳያውቅ ምክትል ሆኖ ኋላ ሲደነግጥ አይቻለሁ።

«ማን ፕሬዚዳንት፣ ማን ምክትል ይሁን?» የሚለውን አንቺ አትወስኚ፤ እነሱም በጓዳ አይጨርሱት። ድምፅ ይወስን። ምርጫውን ግን በአንድ ወረቀት ሁሉንም ቦታ በአንዴ አታድርጊው፤ ደንባችሁ እንደዚያ ካላዘዘ በቀር። መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን ብቻ አስመርጪ። ውጤቱን ተናገሪ። ከዚያ ለምክትልነት ጥቆማ ክፈቺ። ያልተመረጠው ሰው እዚያው ይጠቆማል። እንዲህ ስታደርጊ ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ድምፁ እኩል ለእኩል ከወጣ ሳንቲም አትወርውሪ፤ ድጋሚ ድምፅ ይሰጥ። አብላጫ ማለት ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሦስተኛ እጩ ገብቶ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘም፣ ደንባችሁ ሌላ ካላለ በቀር፣ እንደገና መምረጥ ነው።

ሰዎቹ ይህን ሁሉ ሰምተው «የለም፣ ኮ-ፕሬዚዳንትነት ነው የምንፈልገው» ካሉስ? መንገዱ ክፍት ነው፤ ደንብ ማሻሻል። ደንባችሁ መጨረሻው አካባቢ ስለ ማሻሻያ የሚናገር አንቀጽ ይኖረዋል። እሱን ተከተሉ። ምንም ካላለ ሮበርት አስቀድሞ ለአባላት ማሳወቅንና ሁለት ሦስተኛ ድምፅን ይጠይቃል። ሁለት ሦስተኛው የሚቆጠረው ድምፅ ከሰጡት ነው። 41 ሰው ተገኝቶ 5ቱ ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርጉ፣ 36ቱ ድምፅ ሰጡ ማለት ነው። 24 የድጋፍ ድምፅ ይበቃል። የጸደቀ ማሻሻያ ወዲያውኑ ይጸናል፤ ከሚቀጥለው ዓመት ይጀምር ካላችሁ ይህንኑ አብራችሁ ወስኑ።

ማሻሻያውን ስትጽፉ ግን ከላይ ያነሣኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሱ። የትኛውን ስብሰባ ማን ይመራል? ድምፁ ስንት ነው? ካልተስማሙ ማን ይወስናል? አንዱ ሲለቅ ምን ይሆናል? አንድ ገጽ አይበቃችሁም። ለ64 ሰው ክበብ ይህን ያህል ድካም ይገባል ብዬ አላምንም። ቀለል ያለ ሌላ መንገድ አለ፤ «ተመራጭ ፕሬዚዳንት» የሚባል ቦታ በደንቡ መጨመር። ዛሬ የሚመረጠው ሰው አንድ የሥራ ዘመን ከፕሬዚዳንቱ ጎን ሆኖ ይማራል፤ ከዚያ ያለ ሌላ ምርጫ ወንበሩን ይረከባል። ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ላሉበት ክበብ ጥሩ ነው፤ ሰው ተራው መቼ እንደሆነ አውቆ ጊዜውን ያመቻቻል። ይህም ቢሆን የደንብ ማሻሻያ ይፈልጋል። ሁለቱ በቃል ብቻ «ዘንድሮ አንቺ፣ ከርሞ እኔ» ቢባባሉ ግን አባላቱን አያስርም። ከርሞ የሚመርጠው ቤቱ ነው።

አሁን ጽሕፈቱን ልደርብ ወዳለችው ገንዘብ ያዣችሁ። ይህ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለት ሰው በአንድ ወንበር አይቀመጥም። አንድ ሰው ግን ሁለት ወንበር ሊይዝ ይችላል፤ ሮበርት አይከለክልም። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው የሆነባቸው ክበቦች ብዙ ናቸው። ድምፁ ግን አንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የስቴቱን ሕግ እይ። በሜሪላንድ የተመዘገበ ኮርፖሬሽን ከሆናችሁ ፕሬዚዳንት፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሊኖራችሁ ግድ ነው። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ቦታ የሚይዘው ደንባችሁ ከፈቀደ ነው። ፕሬዚዳንትነትንና ምክትልነትን ግን አንድ ሰው ጨርሶ ሊደርብ አይችልም። ሁለት ቦታ የያዘ ሰውም ሕግ የሁለት ኃላፊ ፊርማ በሚጠይቅ ሰነድ ላይ ሁለት ጊዜ አይፈርምም። ስለዚህ ደንባችሁን አውጥተሽ መደረብን ይፈቅድ እንደሆነ ፈልጊ። ሌላ ስቴት ያላችሁ አንባቢዎችም የየራሳችሁን አረጋግጡ፤ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለሕዝብ ጥቅም በተቋቋሙ ማኅበራት ውስጥ ጸሐፊው ወይም ገንዘብ ያዡ በዚያው ጊዜ ፕሬዚዳንት እንዳይሆን ትከለክላለች።

ሕጉ ቢፈቅድም እኔ ባይደረብ እመርጣለሁ። እህታችንን ስለምጠረጥር አይደለም። «ይህን ያህል ይከፈል» ተብሎ መወሰኑን የምትጽፈውም፣ ቼኩን የምትጽፈውም እሷ ከሆነች፣ አንድ ቀን ቁጥር ሲሳሳት የሚመሰክርላት ሰው የለም። ሁለተኛ ብዕር የሚያስፈልገው እሷን ለመጠበቅ ነው። የግድ ከደረበች ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ ይሁን። ከሥራ አስፈጻሚው ውጪ የሆኑ ሁለት አባላት ደግሞ በዓመት አንዴ ሒሳቡን ይመርምሩ፤ ቤቱም የእነሱን ሪፖርት ያጽድቅ።

ግን ጸሐፊ ለምን ጠፋ? ይህንን አስቢበት። የብዙ ማኅበሮቻችንን መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ። «አቶ እገሌ ተነሥተው እንዲህ አሉ፤ ወይዘሮ እገሊት በበኩላቸው ይህንን ጨመሩ፤ አቶ እገሌም መልሰው…» እያለ ስድስት ሰባት ገጽ ይሄዳል። ጸሐፊው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀና ሳይል ይጽፋል። ቤቱ ገብቶ ይገለብጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ይባላል። ማን ይወደዋል? በሮበርት ሥርዓት ቃለ ጉባኤ የተደረገውን ይመዘግባል፤ የተባለውን አይመዘግብም። የትኛው ሐሳብ ቀረበ፣ ማን አቀረበው፣ ጸደቀ ወይስ ወደቀ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንደመራ። የእናንተ የአንድ ምሽት ስብሰባ በአንድ ገጽ ተኩል ያልቃል። ይህንን ለአባላቱ ንገሪና «አሁንስ ጸሐፊ የሚሆን?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ እጅ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቀረው አንጋፋው አባላችሁ ናቸው። ለእኔ ከሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። ስልክ ካላነሡ ቤታቸው ሂጂ። ነርሷንና ትራክ ነጂውን ይዘሽ ብትሄጂ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሦስታችሁ አንድ ላይ። «ያሉት ልክ ነበር» በሏቸው፤ በግልጽ፣ «ግን» ሳትጨምሩ። ከዚያ የደንቡን ወረቀት አምጡልን፣ አብረን እንየው በሏቸው። ደንቡን ከሁላችሁም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ይመስሉኛል። የማሻሻያ ኮሚቴ ካቋቋማችሁ የመጀመሪያው ወንበር የእሳቸው ይሁን። «የፈረንጅ ነገር» ያላቸውም ወንድም ለብቻው ይደውልላቸው፤ ይህን አንቺ ልታደርጊለት አትችዪም።

ሁለቱ እጩዎች ጥለው ይሄዳሉ ያልሽውን አልፈራም። እሱ ከመንገድ ቤቱ የሚገባው አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ነው፤ እሷም ሌሊት ስትሠራ አድራ ስብሰባ ትመጣለች። እንዲህ ያሉ ሰዎች መስመር በመከፈሉ አይሄዱም። ስድስት ሳምንት አለሽ። ዛሬውኑ ለሁለቱም ደውዪና «ወንበሩን መክፈል አልችልም፤ ሥራውን ግን ኑና አብረን እንከፋፍለው» በያቸው። የሺፍት ሰሌዳዋንና የመንገድ ቀኖቹን ይዘው ይምጡ። የዓመቱን 12 ስብሰባ ከፊታችሁ ዘርግታችሁ በየቀኑ ጎን ማን እንደሚገኝ ጻፉ። የድምፅ መስጫውን ከዚያ በኋላ አሳትሚ፤ «ፕሬዚዳንት» የሚለው ቃል ብቻ፣ ከሥሩም ሁለት ስም፣ በሁለት መስመር።